የጠቆረ መዳብ

በዚያ ከሰዓት በኋላ ከጨርቅ መደብሩ ደጃፍ የነበርነውን አስቀድሜ ልዘርዝር። ስም አልጽፍም።

አንደኛ ሐጂ ናቸው፤ የመደብሩ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው። ሁለተኛ ታናሽ ወንድማቸው፤ ሐጂ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት፣ አብሯቸው የሚሸጥ። ሦስተኛ የጫኝ አውራጆቹ አለቃ፤ አጭር፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋ። አራተኛ እትዬ፤ ከደረጃው ሥር ሻይ የሚያፈሉ ጎንደሬ። አምስተኛ እኔ፤ ከእትዬ ጀርባ አንድ ሜትር ከሃያ በሆነች ጠረጴዛ ላይ ካልኩሌተር፣ ሚዛንና ስልክ የምጠግን። ከዚህ ሌላ ስድስት ጫኝ አውራጆችና ቆጥሬ የማልጨርሰው ሕዝብ ነበር።

ቦታው መርካቶ፣ ከሰባተኛ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ስለነበር መኪና አይደርስም። ሸቀጥ የሚገባው በሰው ጀርባ ነበር፤ ጉድጓዱ ላይ በተጋደመ ጣውላ።

ሐጂ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የደማቸውን ስኳር የሚለኩባት ከውጭ የመጣች ትንሽ መሣሪያ ነበረቻቸው። መሣሪያዋ ደም የሚነካት ስትሪፕ የምትባል ቀጭን ቁራጭ ካልገባባት አትሠራም፤ ስትሪፕ ደግሞ አንዳንድ ወር ከከተማው ጨርሶ ይጠፋል። አንድ ቀን ያለቀ ስትሪፕ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣

«ልጄ፣ አንተ የማትጠግነው የለም። እስቲ ይቺን ወረቀት ሥራልኝ» አሉኝ።

ወረቀት አልነበረችም። በማጉያ መነጽር ሳያት ፕላስቲክ ላይ የታተሙ ሦስት የካርቦን መስመሮች ናቸው። አንድ ዓመት ያህል በስልኬ እያወረድኩ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ቃል በደብተር እየጻፍኩ። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲቃጠል ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ያንን የሚቀበለው ጫፍ ኤሌክትሮድ ይባላል። የፋብሪካው ስትሪፕ ለማቃጠያ የሚጠቀመው ኤንዛይም ነው፤ ኤንዛይም መርካቶ ውስጥ የሚሸጥ ሰው አላገኘሁም። ግን አንዳንድ የብረት ኦክሳይዶች ያለ ኤንዛይም ስኳርን ማቃጠል እንደሚችሉ አነበብኩ። ከፊል አስተላላፊ የሚባሉት ናቸው፤ ኤሌክትሪክን እንደ ሽቦ ዝም ብለው አያሳልፉም፣ እንደ ጎማም ጨርሰው አይከለክሉም።

ከእነሱ ውስጥ በእጄ ልሠራው የምችለው የመዳብ ኦክሳይድ ብቻ ነበር። ከተቃጠለ ዲናሞ መዳብ አወጣሁ፤ ቀጥቅጬ አሳሳሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ የጋዝ ነበልባል ላይ ጥቁር እስኪሆን ያዝኩት። ቀላ ካለ ይጣላል። ጥቁሩ ከተላጠ ይጣላል። አብዛኛውን ጣልኩ። ሳሙና ሠሪዎች የሚገዙትን ኮስቲክ ሶዳ በውሃ በጠበጥኩ፤ ያለ እሱ መዳቡ ስኳር አያቃጥልም። በአንድ በኩል የጠቆረውን መዳብ፣ በሌላ በኩል የማይዝግ ብረት ነከርኩ። ከአንድ ደረቅ ባትሪ ከግማሽ ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ሰጠሁት። ንባቡን የሚያሳየኝ ከአሮጌ ቴፕ የነቀልኩት የድምፅ ጠቋሚ ነበር፤ ዘፈን ሲጮህ ወደ ቀዩ የሚሮጠው ቀጭን ዘንግ።

ይህ መሣሪያ ቁጥር አያውቅም። የሚያውቀው «ከዚያኛው ይበልጣል፣ ከዚያኛው ያንሳል» ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ሁለት ጭረት ከራሴ ደም እለካለሁ፤ ቀጥሎ ከጠርሙሱ አዲስ በቀዳሁት ብጥብጥ ሁለት ጭረት ከሐጂ። «በዚህ ተማምነው መድኃኒት እንዳይወስዱ» ብያቸዋለሁ። «አልወስድም፣ ግን ደስ ይላል» ይሉኛል።

ያ ቀን የረመዳን ቀን ነበር። ሐኪማቸው እንዳይጾሙ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን ኢንሱሊኑን እየተወጉ ይጾማሉ። ከቀትር ጀምሮ ለመስጊድ የሚላክ ማፍጠሪያ ቴምር ከካርቶን እያወጡ በፌስታል ሲያካፍሉ አያቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የጣቃ መውደቅ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ሐጂ ጨርቅ የሚለኩበትን የብረት ሜትር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የወደቀው አለቃው ነው። ግንባሩ ከቅንድቡ በላይ ተከፍቶ ደሙ ዓይኑን ሞልቶታል። ሐጂ ብረቱን እንደገና አነሡ። ጨርቅ ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴት ፊቷን ልትከላከል ክንዷን ዘረጋች፤ ብረቱ ክንዷ ላይ አረፈ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሦስተኛው ምት የወንድማቸውን ትከሻ አገኘው።

«ሐጂ፣ ምን ነካዎት! ሐጂ!» ይላል ሕዝቡ።

ሐጂ ስድብ ጀመሩ። ከእሳቸው አፍ ሰምቼ የማላውቀው ስድብ ነው፤ ግማሹ ቃል አይደለም፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ያኔ ከሕዝቡ መካከል አንድ ድምፅ «ሰክሯል!» አለ።

«ሰክረዋል» አላለም። «ሰክሯል» ነው ያለው። ሐጂን ሃያ ዓመት «እርስዎ» ሲል የኖረ ሰፈር በዚያች ቃል «አንተ» ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ የተደረገው በ«አንተ» ነው። «ያዘው!» «ጣለው!» «እግሩን እሰረው!» በ«እርስዎ» ሰውን በእርግጫ መምታት የሚቻል አይመስለኝም።

ወንድማቸው ያለቅስ ነበር። እያለቀሰ በጥፊ ይመታቸዋል።

«በረመዳን! በአደባባይ! አዋረድከኝ! ምን ብዬ ነው ሰፈር የምቆመው?»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ፤ ከሦስተኛው በኋላ በቡጢ ሆነ። ሁለት ጥርሳቸው ረገፈ። አለቃቸው የተመታባቸው ጫኝ አውራጆች ደግሞ ጎናቸውን በእግር ይሉታል። ከዚያ በጣቃ ማሰሪያ ሲባጎ እጅና እግራቸውን አሰሯቸው። ሐጂ ታስረውም ይራገጣሉ።

እትዬ ሰው እየጣሱ ገቡ። «ተዉ እናንተ! ስኳሩ ነው! ስኳር አለባቸው!»

ድብደባው ያኔ ቆመ። ከጫኝ አውራጆቹ አንዱ ሮጦ ከጎን ሱቅ የብርቱካን ለስላሳ አመጣ፤ ለምን እንዳመጣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ የወደቀ ሰው ሲያይ የሚደረገውን ነው ያደረገው። ወንድማቸው ጠርሙሱን ከእጁ መታው። ጠርሙሱ ሲሚንቶው ላይ ፈነዳ።

«ስኳር አለበት እየተባለ ስኳር ታጠጣለህ? ልትገድለው ነው? ደግሞ ጾመኛን?»

ከመሳቢያ መሣሪያዋን አወጣ። የሐጂን ጣት ወጋ፤ ደም አስነካት። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ወጡ። ትርጉማቸውን ሐጂ ራሳቸው አስተምረውታል፤ ከመለኪያው በላይ ነው ማለት ነው።

«አያችሁ? ከልክ አልፏል!» አለና ኢንሱሊን የሚቀመጥበትን በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ሊከፍት ገባ። መርፌውን ሞልቶ ሲወጣ ጭረቶቹን አየሁ። ሐጂ ጠዋት ጠዋት ከሚወጉት እጥፍ ነው።

አጠገባቸው ተንበርክኬ ነበር። ሸሚዛቸው በላብ በስብሷል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። እጃቸውን ስይዝ ጣቴ ተጣበቀ። የሌባ ጣታቸው፣ የአውራ ጣታቸው፣ የተወጋውም ጣት ቴምር ነው።

«ቆይ! እጃቸው ታጥቧል?»

«ምን?»

«ጣታቸው ላይ ቴምር አለ። መሣሪያዋ የለካችው ቴምሩን ነው። ይታጠብና በሌላ ስትሪፕ እንለካ።»

«የታለ ሌላ? የመጨረሻዋ ነበረች።»

«እንግዲያው አይውጓቸው። ስኳራቸው ወርዶ ነው፤ ሲወርድ ነው ሰው እንደ ሰካራም የሚሆነው። ስኳር ይስጧቸው።»

ቃሉን ራሴም ስሰማው እብድ ንግግር ነው። በአማርኛ በሽታውም ስኳር፣ መድኃኒቱም ስኳር። ሕዝቡ ሳቀ።

«ኢንጅነሩ መጣ!» አለ አንዱ ጫኝ አውራጅ። «ወንድሜ፣ ሰውዬው ሬዲዮ መሰለህ? ባትሪ ቀይርለት እንጂ!»

ወንድማቸው የሐጂን ሸሚዝ ከሆዳቸው ላይ ገለጠ። እጁን ያዝኩት። እኔ በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የእጁን አንጓ በጥርሴ ነከስኩ። መርፌው ወደቀ፤ በጫማዬ ረገጥኩት። ወንድማቸው በክርኑ አፍንጫዬን አገኘው። ከዚያ ስንት ሰው እንደመታኝ አላውቅም። ግድግዳ ላይ አጣበቁኝ፤ አንዱ ጉሮሮዬን ያዘ። ወንድማቸው ፔርሙዙ ውስጥ ሌላ ብልቃጥ እንዳለ ትዝ ብሎት ተመልሶ ገባ። ሐጂ መራገጥ አቁመው ነበር። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ የፈላ ሻይ ያለበትን በራድ ይዘው መሃል ቆሙ።

«ልቀቁት። አንድ ጊዜ በራሱ መሣሪያ ይለካ። ስትሪፕ የለም አላችሁ፤ ይሄ ልጅ ዓመት ሙሉ ሲለካቸው አላያችሁም? ንክች የሚያደርገው ካለ በዚህ እቀቅለዋለሁ!»

«እትዬ፣ ይሂዱ እንጂ፣ ይሄ የሴት…»

ሳይጨርስ ከበራዱ ጥቂት እግሩ አጠገብ ደፉ። ጉሮሮዬ ተለቀቀ።

ዕቃዬን ከጠረጴዛው ሳመጣ አንድ ሰው ገፋኝና የኮስቲክ ሶዳው ጠርሙስ ግራ እጄ ላይ ፈሰሰ። ግማሹ ተረፈ። እጄ ሲያቃጥል ይሰማኛል፤ መታጠቢያ ጊዜ አልነበረም። መርፌ አላስፈለገኝም፤ ከአፍንጫዬ የሚወርደውን በሲሪንጅ ሁለት ጭረት ወሰድኩ። ብጥብጡ ላይ ጠብ አደረግኩት። ጠቋሚው ተነሥቶ መሃል ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ሐጂ። ጣታቸውን አላመንኩትም፤ የጆሮአቸውን ጫፍ በሸሚዜ ጠርጌ ወጋሁ። ሁለት ጭረት። ጠቋሚው ነቅነቅ አለና ታች ተኛ።

«ተሰብሯል!» አለ ወንድማቸው፤ አዲሱን መርፌ ሞልቶ ከበስተኋላዬ ቆሟል። «የቴፕ ዕቃ ነው! በቴፕ ዕቃ ወንድሜን ልትገድል!»

ያኔ አለቃው ከወደቀበት ተነሣ። ግማሽ ፊቱ ቀይ ነው። በጨርቅ ቁራጭ ግንባሩን ደግፎ ጠቋሚውን አጎንብሶ አየው። ዕድሜውን በሙሉ ከሚዛን ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው።

«የኔን ለካ» አለኝ።

«አለቃ፣ አሁን ጊዜ…»

«ለካ አልኩህ! ከዚህ ውሰድ፣ ሞልቷል።»

ከቅንድቡ ላይ ሁለት ጭረት ወሰድኩ። ጠቋሚው ተነሣ፤ ከእኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግን መሃል ላይ።

አለቃው ወደ ወንድማቸው ዞረ። «እኔም ጾመኛ ነኝ። ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። የኔ ተነሣ፣ የልጁ ተነሣ። የሳቸው ለምን ተኛ?»

ሕዝቡ ያንን ቃል መስማቱን አላውቅም። እኔ ሰምቻለሁ፤ «የሳቸው» ነው ያለው።

«ዞር በል» አለው ወንድማቸው።

«መርፌውን ጣል።»

«ወንድሜ ነው!»

«የተፈነከተው ግንባር የኔ ነው!» አለ አለቃው፤ በዚያ ባበጠ ፊቱ። ወንድማቸውን በደረቱ ገፍቶ ግድግዳው ላይ አጣበቀው። ወንድማቸው የተከፈተውን ግንባር በቡጢ ደገመው። አለቃው ጮኸ እንጂ አልለቀቀም። መርፌው የት እንደወደቀ አላየሁም፤ ኋላ ፈልጌ ተሰብሮ አገኘሁት።

እትዬ በሻይ ማንኪያ ስኳር ዘግነው የሐጂን መንጋጋ በጣታቸው ከፈቱ። ስኳሩን በድዳቸውና በጉንጫቸው መሃል አሹት። ሐጂ ነከሷቸው። እትዬ «ወይኔ ማርያም!» ብለው ጮኹ፤ ጣታቸውን ግን አላወጡም። ደምና ስኳር አንድ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛ ዘገኑ። ሦስተኛ። እኔ ሐጂን እንዳያንቃቸው በጎናቸው አዙሬ ይዤ ነበር።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ በትክክል ባውቅ ደስ ይለኛል። አሥራ ሁለት ነው የምለው፤ እርግጠኛ አይደለሁም። መጀመሪያ ላቡ ቆመ። ቀጥሎ ዓይናቸው ሰው መፈለግ ጀመረ። እኔን አዩኝ፤ የታሰረ እጃቸውን አዩ።

«ማነው ያሰረኝ?» አሉ። ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ አዞሩ። «አፌ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«ጾሜን ፈታችሁብኝ?»

አለቃው ወንድማቸውን ለቀቀው። ወንድማቸው መሬት ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ከመደብሩ የብረት በር ጋር ያጋጭ ጀመር፤ ሦስት ሰው ይዞ አስቆመው። ኋላ ሲባጎውን በምላጭ የቆረጠው እሱ ነው። መኪና ስለማይገባ ሐጂን በጀርባው አዝሎ ጣውላውን ተሻግሮ አብነት ወዳለው ክሊኒክ ወሰዳቸው። የጎናቸው አጥንት ተሰብሮ ነበር። እኔ ከኋላ የፔርሙዙን ክዳን ይዤ ተከተልኩ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ክሊኒክ የነበረው ሐኪም የሆነውን ሁሉ ሰማና ያ መርፌ ገብቶ ቢሆን ሐጂ ማፍጠሪያ ሰዓትን ባላዩ ነበር አለ። መሣሪያዬን አሳየሁት። ጥቂት ጥያቄ ጠየቀኝና በትሕትና መለሰልኝ። ማለት የፈለገው ገብቶኛል። ኮስቲክ ሶዳው ከተበጠበጠ ሦስት ቀኑ ነበር፤ ሰንብቶ አየር ሲጠጣ ኃይሉ ይቀንሳል። ከጆሮአቸው የወሰድኩት ደም ላብ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ያንኑ መዳብ ሳላጥብ ሦስት ጊዜ ነው የነከርኩት። እነዚህን ሁሉ ስህተቶች ሌላ ሰው ቢሠራ ውጤቱን አልቀበለውም ነበር። ሐጂን ያተረፈው መዳቡ ነው ብዬ አልምልም። እኔ ቴምሩን አይቻለሁ፤ አለቃው ጠቋሚውን አየ፤ እትዬ ስኳሩን ያዙ። ግን አለቃው ጠቋሚውን ባያይ ማንም ቴምሩን አያይልኝም ነበር።

ግራ እጄ ላይ ከአንጓው እስከ ትንሿ ጣት ቆዳው ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ሐጂ ምንም አያስታውሱም። ቴምር ሲያካፍሉ፣ ቀጥሎ ታስረው። መሃሉ የለም። ዒድ ሳይደርስ እሳቸው የመቷቸውን ሰዎች ሁሉ አውፍ ሊያስብሉ፣ ይቅርታ ሊጠይቁ ተነሡ። አለቃው ዘንድ ቤቱ ድረስ ሄዱ፤ «እኔም የርስዎን ጎን ያስረገጥኩ ሰው ነኝ፣ እርስዎ ቀድመው አውፍ ይበሉኝ» አላቸውና ተላቀሱ። እትዬን ጣታቸውን ይዘው ለመኗቸው፤ እትዬ «ጥርስዎ ስለታም ነው፣ ሁለቱ መርገፋቸው ጠቅሞኛል» ብለው አሳቋቸው። ከወንድማቸው ጋር ግን ነገሩ ከባድ ሆነ። ሐጂ አውፍ ብለውታል፤ እሱ ነው ዓይናቸውን ማየት ያቃተው። ዛሬ ሸማ ተራ በሌላ ሰው ሱቅ ይሠራል።

የቀረችው ያቺ ሴት ናት። ክንዷን የተመታችው። ስትጮህ አላየኋትም፤ ሁሉም ዓይን ሐጂ ላይ በሆነበት ጊዜ ክንዷን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጥታ ሄዳለች። እትዬ አረንጓዴ ሻርፕ ነበራት ይላሉ፤ አለቃው ሰማያዊ ነው ይላል። እኔ ያየሁት ክንዷን ብቻ ነው፤ እጅጌዋ እስከ ክርን የተጠቀለለ ነበር። ሐጂ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ «አንተ ሁሉን ነገር ትመዘግባለህ፣ እሷን እንዴት አልመዘገብክም?» ይላሉ። አምስት ሰው ቆጥሬ እሷን በሕዝብ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት።

ስለዚህ በዚያን ቀን እዚያ የቆማችሁ፣ ያነበባችሁትን አርሙልኝ። ሻርፗ ምን ቀለም ነበር? ምን ልትገዛ ነበር የመጣችው፣ ብቻዋን ነበረች ወይስ አብሯት የመጣ ሰው አለ? በየትኛው በር ወጣች፣ ወደ ሰባተኛ ነው ወይስ ጣውላውን ተሻግራ ወደ አብነት? ወጌሻ የወሰዳት፣ ክንዷን ያሰረላት፣ ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ብረት ሜትር ስታወራ የሰማ ካለ፣ ትንሽ የመሰላችሁንም ቢሆን አትተዉ፤ ከደረጃው ሥር ከእትዬ ጀርባ አለሁ፤ መጥታችሁ ንገሩኝ።